የሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰር በቤት ውስጥ እንዴት ይቀየራል?

የራዲያተር ውሃ ምን ያህል እንደሞቀ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚናገረው ይህ ሴንሰር ነው። መጠኑ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ይሁንና ኮምፒውተሩ የሚረጨውን የቤንዚን መጠን፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ፣ የሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍታና የራዲያተሩ ፋን የሚነሳበትን ሰዓት የሚወስነው እሱ የነገረውን አምኖ ነው። የተሳሳተ ነገር ሲነግረው ሞተሩ በሙሉ የታመመ ይመስላል፤ ባለቤቱም ካንዴላ፣ የቤንዚን ፓምፕና ኢንጀክተር ሲቀያይር ይከርማል።

መፍታትና መግጠሙ በብዙ መኪኖች ላይ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ከባዱ ሥራ ጥፋተኛው በእርግጥ ሴንሰሩ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ብዙ ጊዜ ሶኬቱ ዝጎ፣ ሽቦው ተቆርጦ ወይም ውሃው ጎድሎ ሳለ አዲስ ሴንሰር ይገዛል፤ ችግሩም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ላይ ለመለካቱ ከመቀየሩ የበለጠ ቦታ ሰጥተነዋል።

ሴንሰሩ ሲያሳስት ምን ይታያል?

በሴንሰሩ ውስጥ ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚቀንስ ትንሽ ቁስ አለ። ኮምፒውተሩ በአንዱ ሽቦ 5 ቮልት ይልክና ስንት እንደቀረ ያያል። ቮልቱ ከፍ ካለ «ቀዝቃዛ ነው»፣ ዝቅ ካለ «ሞቋል» ብሎ ይተረጉመዋል። ይህን አንድ ነገር መያዝ ጠቃሚ ነው። ሽቦው ከተቆረጠ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ወደ −40 ዲግሪ ይወርዳል፤ ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ ከተነካኩ ደግሞ ከ130 ዲግሪ በላይ ይወጣል።

ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሴንሰሩ «ቀዝቃዛ ነው» ካለ ቤንዚን ይበዛል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ከጭስ ማውጫው የቤንዚን ሽታ ይመጣል፣ ፍጆታው ያሻቅባል፣ ሚኒሞው አይወርድም። ከሁሉ በላይ የሚያሳብቀው ግን መኪናው ሞቆ ከቆመ በኋላ ሲነሳ ማስቸገሩ ነው፤ ሞተሪኖው ደጋግሞ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን በቤንዚን ስለታፈነ ቶሎ አይያዝም። እንዲህ እያለ ወራት ከተነዳ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ጭስ ማጣሪያ) ይጎዳል፤ እሱ ደግሞ ከሴንሰሩ ብዙ እጥፍ ውድ ነው።

ተቃራኒው ሲሆን፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሴንሰሩ «ሞቋል» ካለ፣ ጠዋት ለመነሳት ያንገራግራል፤ ከተነሳም ነዳጅ ካልተረገጠለት ይጠፋል። ከሞቀ በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ይሄዳል።

ፋኑ የማስነሻ ቁልፉ እንደተከፈተ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ መዞር ከጀመረ የሴንሰሩ መስመር ሳይቋረጥ አይቀርም። ብዙ ኮምፒውተሮች የሙቀቱን መረጃ ሲያጡ ሞተሩን ለማዳን ፋኑን ያለማቋረጥ ያዞሩታል። በአንዳንድ መኪኖች ኤሲውም አብሮ ይቋረጣል።

ስካነር (የሞተሩን ኮምፒውተር መረጃ የሚያነብ መሣሪያ) ካለ የስህተት ኮዶቹን ያንብቡ። ፒ0117 የሴንሰሩ ቮልት ከሚገባው በታች መውረዱን ይናገራል፤ ይህም ማለት ሽቦው ወይም ሴንሰሩ ሾርት አድርጓል (መስመሮቹ ተነካክተዋል)። ፒ0118 ተቃራኒው ነው፤ መስመሩ ተቆርጧል ወይም ሶኬቱ ወልቋል። ፒ0119 አንዴ የሚነካ፣ አንዴ የሚለቅ መስመር ነው፤ ይህ ኮድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሶኬቱ ነው። ፒ0116 የሚነበበው ሙቀት ከሚጠበቀው ጋር አለመግጠሙን ያሳያል። ፒ0128 ከመጣ ግን ሴንሰሩን ይተዉትና ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዲያልፍ የሚከፈተውን በር) ይመልከቱ። ቴርሞስታት ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ በወቅቱ አይሞቅም፤ ሴንሰሩ የተናገረው እውነቱን ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ከወጣ «ሴንሰሩ ነው» ብሎ መንዳት ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያቃጥላል። ያቁሙ፣ ያጥፉ፣ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ የውሃውን መጠን ይዩ። የሴንሰሩ ጫፍ ውሃ ውስጥ ካልተነከረና በአየር ወይም በእንፋሎት ከተከበበ ትክክለኛውን ሙቀት ማንበብ አይችልም፤ አዲስም ቢሆን።

የትኛው ነው?

አብዛኛውን ጊዜ በቴርሞስታቱ መያዣ ላይ ወይም የላይኛው የራዲያተር ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ይገኛል። በአንዳንድ ሞተሮች ከቴስታታው ኋላ፣ ከሾፌሩ ፊት ባለው ግድግዳ በኩል ተደብቆ ይቀመጣል፤ ሰዓቱን የሚበላው እንዲህ ያለው ነው።

ማደናገሪያው እዚህ ጋ ነው። በቆዩ መኪኖች ላይ ሁለት ተመሳሳይ ዕቃዎች ጎን ለጎን ይታሰራሉ፤ አንዱ ለኮምፒውተሩ፣ ሌላው በዳሽቦርዱ ላይ ላለው ጌጅ ብቻ። አንድ ሽቦ ብቻ ያለው የጌጁ ነው። ሁለት ሽቦ ያለው የኮምፒውተሩ ነው። ሦስት ወይም አራት ሽቦ ያለው ሁለቱንም ሥራ አጣምሮ የያዘ ነው። አዳዲስ መኪኖች ብዙውን ጊዜ አንዱን ሴንሰር ለሁለቱም ይጠቀሙበታል፤ አንዳንዶቹ በራዲያተሩ መውጫ በኩል ሁለተኛ ይጨምራሉ። ጌጁ ብቻ ተሳስቶ ሞተሩ በደንብ የሚሄድ ከሆነ የኮምፒውተሩን ሴንሰር መቀየር ምንም አይፈይድም።

ሳይፈቱ መለካት

ስካነር ካለ ቀላሉና ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ከቆመ በኋላ ጠዋት ሳያስነሱ የማስነሻ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ፤ የውሃውን ሙቀትና ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት ያወዳድሩ። ሁለቱም በውጭው አየር ልክ ስለሚቀዘቅዙ ልዩነታቸው ከ5 ዲግሪ ብዙም መራቅ የለበትም። አየሩ 17 እያለ ውሃው 48 ካለ ሴንሰሩ ወይም መስመሩ ተሳስቷል።

ቀጥሎ ሶኬቱን ይንቀሉና ስካነሩን ይዩ፤ ወደ −40 መውረድ አለበት። ከዚያ በሁለት ሽቦ ሴንሰር ላይ ብቻ የሶኬቱን ሁለት ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ለአፍታ ያገናኙ፤ ንባቡ ከ130 በላይ መዝለል አለበት። ሁለቱም እንደተባለው ከሆኑ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ጤነኛ ናቸው፤ የቀረው ተጠርጣሪ ሴንሰሩ ነው። ንባቡ ካልተነቃነቀ ችግሩ በሽቦው ላይ ነው፤ ሴንሰር አይግዙ። መስመሩ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ በራሱ ግምታዊ ቁጥር የሚተካባቸው መኪኖች ስላሉ ንባቡ 80 ላይ ቢቆም አይደንግጡ፤ በዚያ ጊዜ የሚያስተማምነው መልቲሜትሩ (ቮልትና ተቃውሞ የሚለካው መሣሪያ) ነው።

በመልቲሜትር ለመለካት፣ ቁልፉ ተከፍቶ ሶኬቱ እንደተነቀለ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ወደ 5 ቮልት መገኘት አለበት። 5 ቮልቱ ከሌለ አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ አድርገው እንደገና ይለኩ። አሁን 5 ከመጣ የተቋረጠው የመመለሻው ሽቦ ነው፤ አሁንም ከሌለ የሚልከው ሽቦ ነው።

ቀጥሎ ቁልፉን ይዝጉና የራሱን የሴንሰሩን ተቃውሞ ይለኩ። መኪናዎች ይለያያሉ፤ በሰፊው የሚገኘው ዓይነት ግን የሚያሳየው በግምት እንዲህ ነው፦

በ0 ዲግሪ፦ ከ5,000 እስከ 6,500 ኦም
በ20 ዲግሪ፦ ከ2,200 እስከ 2,800 ኦም
በ40 ዲግሪ፦ ከ1,100 እስከ 1,300 ኦም
በ60 ዲግሪ፦ 600 ኦም አካባቢ
በ80 ዲግሪ፦ ከ290 እስከ 350 ኦም
በ100 ዲግሪ፦ ከ170 እስከ 200 ኦም

የአንዳንድ አምራቾች ሴንሰር በ20 ዲግሪ 3,500 ኦም ያሳያል፤ ያ ስህተት ስላልሆነ የመኪናውን መጽሐፍ ማየት ይሻላል። ከአንዱ ቁጥር በላይ የሚናገረው አካሄዱ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ኦሙ ሳይዘል፣ ሳይቋረጥ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። መልቲሜትሩ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተቆርጧል። ዜሮ አካባቢ ካነበበ ሾርት አድርጓል።

የተፈታ ሴንሰር በሙቅ ውሃ ይፈተሻል። የብረት ጫፉን ብቻ ይንከሩ፤ ሶኬቱ መርጠብ የለበትም። ቴርሞሜትር ይጠቀሙ እንጂ «ፈልቷልና 100 ዲግሪ ነው» ብለው አይገምቱ፤ ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደጋ ላይ የሚፈላ ውሃ 92 ሊሆን ይችላል።

ሶኬቱን ችላ አይበሉ። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ካለ፣ ፒኑ ከታጠፈ ወይም እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ ያጽዱትና እንደገና ይለኩ። ሶኬቱ ውስጥ የራዲያተር ውሃ ከተገኘ ግን ሴንሰሩ በውስጡ እየሰረገ ነው፤ ማጽዳቱ አያድነውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አዲሱ ሴንሰር ከነማሸጊያው (የመዳብ ዋሸር ወይም ኦሪንግ፣ ማለትም የጎማ ቀለበት)፣ ጥልቅ ቡሶላ (ዕቃው ላይ የሚሰካ ቱቦ መሰል መፍቻ)፣ ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ)፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ንጹሕ ባልዲ፣ ጨርቅ፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያና መኪናው የሚጠቀመው ዓይነት ኩላንት (የራዲያተር ውሃ) ከ1 እስከ 2 ሊትር። የሚፈተል የናስ ሴንሰር ብዙውን ጊዜ ጥርሱ 12 ሚሊሜትር፣ ራሱ ደግሞ 19 ቁጥር ነው። ነገር ግን ሳይለኩ ቡሶላ አይግዙ።

ኩላንት በቀለም አይመረጥም። ሁለት አረንጓዴዎች የተለያየ ቅመም ሊኖራቸው ይችላል፤ የማይስማሙ ሲቀላቀሉ ደግሞ አተላ ይሠራሉና የራዲያተሩን ቀጭን መተላለፊያ ይደፍናሉ። የመኪናው መጽሐፍ የሚጠቅሰውን ዓይነት ይያዙ።

አዲሱ ሴንሰር ሲገዛ የሶኬቱ ቅርጽ መግጠሙ ብቻ አይበቃም። መልኩ አንድ ሆኖ ኦሙ የተለያየ ሴንሰር አለ፤ ሶኬቱ ቁልጭ ብሎ ይገባል፣ ኮምፒውተሩ ግን ሁልጊዜ በ15 ዲግሪ ይሳሳታል። የዕቃ ቁጥሩን ያመሳክሩ፤ ከመግጠምዎ በፊትም አዲሱን ለግማሽ ሰዓት በክፍሉ ሙቀት አስቀምጠው ኦሙን ይለኩ።

መፍታት

1. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። በጉዞ ላይ የነበረ ከሆነ ቢያንስ 3 ሰዓት፣ ከተቻለ ሌሊቱን ይተዉት። የራዲያተሩ ክዳን ብዙውን ጊዜ 1 ባር ገደማ ግፊት ይይዛል፤ በዚህ ግፊት ውሃ ሳይፈላ እስከ 120 ዲግሪ ይደርሳል። ክዳኑ ሲከፈት በአንድ አፍታ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይረጫል።

2. የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀሉ። በአንዳንድ መኪኖች ፋኑ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን በራሱ ሊነሳ ይችላል፤ ጣት ላይ ቀልድ የለውም። ሬዲዮው ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ኮዱን አስቀድመው ያግኙ።

3. ክዳኑን በጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ ግፊቱ ይወጣል። ከራዲያተሩ ሥር ካለው ማፍሰሻ ከ1 እስከ 2 ሊትር ውሃ ወደ ባልዲው ያውርዱ፤ ዓላማው የውሃውን ከፍታ ከሴንሰሩ በታች ማድረስ ነው። ሴንሰሩ ከላይ ከሆነ አንዳንዶች ምንም ሳያፈሱ አሮጌውን አውጥተው አዲሱን ወዲያው ይከታሉ። ይሠራል፤ ግን ክዳኑ ተዘግቶ መሆን አለበት፣ ጥቂት ውሃም ሊፈስ ይችላል። የፈሰሰው ዲናሞ ላይ እንዳይወርድ በጨርቅ ይሸፍኑ።

የባልዲውን ውሃ ክዳን አድርገው ያስቀምጡ። ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ሕፃንም ውሻም ይልሰዋል።

4. ሶኬቱን ይንቀሉ። ለዓመታት በሙቀት የደረቀ ፕላስቲክ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ከዚያ ምላሱን ጫን፣ ከዚያ ሳብ ያድርጉ። ሽቦውን ይዞ መሳብ ፒኑን ከውስጥ ይነቅለዋል። ምላሱ ከተሰበረ ሶኬቱ በንዝረት እየላላ ፒ0119ን ይወልዳል።

5. የሚፈተለውን ዓይነት በጥልቅ ቡሶላ ይፍቱ። ቡሶላው እስከ ሥሩ ገብቶ ብረቱን መያዙን ያረጋግጡ፤ ፕላስቲኩን ከያዘ ራሱ ይቆረጥና ናሱ እዚያው ይቀራል። ከደረቀ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጥርሱ ሥር ይርጩ፣ ሩብ ሰዓት ይታገሱ፣ ከዚያ ጥቂት ወደ መፍታት ጥቂት ወደ ማጥበቅ እያሉ ያለዝቡት። በጉልበት አይሁን። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ከናስ ይልቅ የሚበላው የሱ ጥርስ ነው።

በብዙ ቮልስዋገኖች ላይ እንደሚታየው በክሊፕ የሚያዝ ዓይነት ከሆነ የፈረስ ኮቴ የመሰለውን ክሊፕ በካቻቪቴ ጫፍ ያውጡ፤ ሲወረወር ሞተሩ ሥር ይጠፋልና በሌላኛው እጅ ይሸፍኑት። ሴንሰሩን እያወዛወዙ ይሳቡ። አሮጌው ኦሪንግ ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ የመቅረት ልማድ አለው፤ በጣትዎ ዳብሰው ያረጋግጡ። ሁለት ኦሪንግ ተደራርቦ ከገባ ማፍሰሱ አይቀርም።

መግጠም

የቀዳዳውን ጥርስና የሚቀመጥበትን ፊት በጨርቅ ያጽዱ። ኦሪንጉን በራሱ በኩላንት ያርጥቡት። ዘይትና ግሪስ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጡታል።

በመዳብ ዋሸር የሚታሸግ ከሆነ ሌላ ማሸጊያ አይጨምሩ። ጥርሱ ላይ ከፋብሪካ የተቀባ ማሸጊያ ካለም አይደርቡበት። በተለይ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ላይ የቧንቧ ቴፕ መጠቅለል ትልቅ ስህተት ነው፤ መመለሻው በጥርሱ በኩል በሞተሩ ብረት ስለሆነ ቴፑ ኤሌክትሪኩን ይከለክለዋል፣ ጌጁም ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ያሳያል።

በጣትዎ ያስጀምሩ፤ ቢያንስ ሦስት ዙር ያለ መፍቻ መግባት አለበት። ካስቸገረ ጥርሱ ተዛብቶ ነው፤ ወደ ኋላ መልሰው እንደገና ይሞክሩ። ባለ 12 ሚሊሜትር የናስ ሴንሰር ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ የፕላስቲክ አካል ያለው ከዚያ በታች። የመኪናው መጽሐፍ የሚለው ከዚህ ይቀድማል። ሶኬቱ ሲገባ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማ፤ ገመዱም ከፋኑና ከጭስ ቱቦው ርቆ እንደ ቀድሞው ይታሰር።

አየር ማስወጣት

አዲስ ሴንሰር ገጥመው «አልሠራም» ብለው የሚመልሱ ሰዎች ብዙዎቹ የዘለሉት ይህን ነው። ውሃ ሲጎድል የገባው አየር ከፍ ወዳለው ቦታ ይወጣል፤ ሴንሰሩም ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያው ነው። ንባቡ አንዴ ዝቅ አንዴ ከፍ ይላል፣ ፋኑ በጊዜው አይነሳም፣ ቴስታታው ግን ይግላል።

መኪናውን በተቻለ መጠን አፍንጫው ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያቁሙ። ውሃውን በዝግታ እስከ አፉ ይሙሉ፤ የአየር ማስወጫ ብሎን ካለ ከፍተው ያለ አረፋ ውሃ ሲወጣ ይዝጉት። ባትሪውን ይግጠሙ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ ያድርጉ፣ ክዳኑን ሳይዘጉ በሚኒሞ ያስነሱ። አረፋ ይወጣል፣ ውሃው ይወርዳል፤ እየተከታተሉ ይጨምሩ። ቴርሞስታቱ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሲከፈት የውሃው ከፍታ በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ የላይኛው ማኒኮቶም ይሞቃል። ይሙሉና ክዳኑን ይዝጉ። ክዳኑ በማስፋፊያ ገንዳው ላይ በሆነባቸው መኪኖች አንዳንዶቹ የራሳቸው አካሄድ ስላላቸው መጽሐፉን ይመልከቱ።

ከማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር እየመጣ ሞተሩ ሞቆ ከሆነ ውስጥ ገና አየር አለ። ያጥፉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ይድገሙ።

ማረጋገጥ

ኮዱን በስካነር ያጥፉና ሙቀቱ ከቀዝቃዛ ጀምሮ ሲወጣ ይከታተሉት። ሳይዘል፣ ሳይንቀጠቀጥ መውጣት አለበት፤ ብዙ ሞተሮች ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ላይ ይረጋጋሉ። ንባቡን እያዩ የሶኬቱን ገመድ ያወዛውዙ፤ ቁጥሩ ከዘለለ የሽቦው ችግር ገና አለ። ሳያቋርጡ በሚኒሞ ያቆዩትና ፋኑ ተነስቶ መልሶ ሲጠፋ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመልከቱ።

ባትሪው ስለተነቀለ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች ላይ ሚኒሞው ትንሽ ቢወዛወዝ ኮምፒውተሩ እንደገና እየተማረ ነው። ፍጆታው ግን ወዲያው ካልተስተካከለ ካንዴላዎቹን አውጥተው ይዩ፤ ለወራት በበዛ ቤንዚን የጠቆረ ካንዴላ ሴንሰሩ ተቀይሮም ሞተሩን ያንቀጠቅጣል።

በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ውሃውን ይዩ፤ ትንሽ ቢወርድ የቀረው አየር ወጥቶ ነውና ይሙሉ። በሴንሰሩ ዙሪያ ነጭ ወይም ባለቀለም የደረቀ ምልክት ካለ እያሰረገ ነው፤ በዚህ ጊዜ በጭፍን ከማጥበቅ ይልቅ ፈትተው ዋሸሩን ወይም ኦሪንጉን ይመልከቱ። ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላም ውሃው መጉደሉን ከቀጠለና በሴንሰሩ በኩል ደረቅ ከሆነ፣ የሚያፈሰው ሌላ ቦታ ነው።